ጣሳ የሚመታው መምህር

ሰኞ፣ ሜይ 15 ቀን 2006

ሁለተኛው ተርም ተከፈተ። አሥራ አራት ልጆች መጡ። ዝናቡ አላባራም፤ የናይሮቢዋ ኪሌሌሽዋ ጭቃ በጭቃ ሆና ጫማዬ ተበላሽቶ ነው የገባሁት።

እትዬ ትበርህ ለቤቢ ክላስ፣ ለትንንሾቹ ክፍል፣ ሁለተኛ መምህር ቀጥረዋል። ለእኔ ክፍል። ስድስት ዓመት ብቻዬን ይዤው ለኖርኩት ክፍል። ትምህርት ቤቱ የእሳቸው ነው፣ የፈለጉትን መቅጠር ይችላሉ። ግን እኔ የሰማሁት ዛሬ ጠዋት፣ ሰውዬው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳየው ነው። አገኘሁ ይባላል። ሃምሳ አምስት ቢሆነው ነው። ደሴ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ ይላል። አሁን ኢምባካሲ ከሴት ልጁ ጋር ይኖራል፤ እሷ ኤርፖርቱ አጠገብ ካርጎ ውስጥ ትሠራለች።

ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ ተሸክሞ መጣ። መጻሕፍት መስሎኝ ነበር። ሲዘረግፈው የወተት ጣሳ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የካርቶን ጥቅልል፣ ከካርጎ የተጣለ ስፖንጅ፣ ሲጫኑት ጧ ጧ የሚል ላስቲክ፣ የልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ፣ የአናጢ ሰጋቱራ። ዘበኛችን "ታካታካ" ብሎ ሳቀ፤ ቆሻሻ ማለቱ ነው። እኔ አልሳቅኩም።

"ልጅ በዓይኑ ብቻ አይማርም" አለኝ ሰውዬው። "ይንካው፣ ያሽትተው፣ ያንኳኳው።"

ይኼን ለእኔ ይነግረኛል።

ቅር አላለኝም። እንዲያውም የሚያግዘኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሜይ 17

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ሰጋቱራው የልጆቹ ፀጉር ውስጥ፣ ካልሲያቸው ውስጥ። ከካታሎግ መርጬ ያስመጣኋቸው የፕላስቲክ መጫወቻዎች እንደተደረደሩ ዋሉ። አንድም ልጅ አልነካቸው።

ዮአብን ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ክዳን ይደረድራል። ፊቱ ሄጄ ስቆም ነው ቀና ያለው፣ ያውም ፈገግ ብሎ። ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ሰው መናቅን ከማን ተማረ? ባለፈው ተርም እንዲህ አልነበረም። ወይም ነበር፣ ልብ አላልኩም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 23

ሰውዬው ማስታወሻ ይይዛል። ትንሽ ሰማያዊ ደብተር ናት፣ ከጋዎኑ ኪስ አትወጣም። ዛሬ ዮአብን ጮክ ብዬ ስቆጣው ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ከዚያ ልጁን አየ፣ ከዚያ ጻፈ። ስጠጋ ዘጋት።

ምሳ ሰዓት ላይ ውሃ ልቀዳ ወደ ወጥ ቤት ስሄድ በሩ ገርበብ ብሎ እትዬ ትበርህ ሲናገሩ ሰማሁ። አስመራ ያደገ አማርኛቸው በሩቅ ይለያል።

"ለእሷ ገና ምንም አይንገሯት። በመጀመሪያ ያረጋግጡ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በድንገት ሲሰማ ይሰበራል።"

"ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃኛል" አለ እሱ።

ውሃውን ሳልቀዳ ተመለስኩ። "እሷ" ማን እንደሆነች መጠየቅ አያስፈልገኝም። ሦስት ሳምንት ክፍሌ ውስጥ ተቀምጦ ጉድለቴን ይመዘግባል፣ ከዚያ ክፍሉን ይረከባል ማለት ነው። እኔም የምናገረውን እጠነቀቃለሁ። የእሱንም ጉድለት አያለሁ። ዓይን የተሰጠው ለእሱ ብቻ አይደለም።

ሰኞ፣ ሜይ 29

ዛሬ ጣሳዎቹን አወጣ። አንዱ ውስጥ ባቄላ፣ አንዱ ውስጥ ጠጠር፣ አንዱ ውስጥ አሸዋ፣ አንዱ ባዶ። አፋቸውን በፕላስተር አሽጓል። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንቀጫቅጫሉ፣ ከዚያ ውስጡ ያለውን ይገምታሉ። ጥሩ ጨዋታ ነው። ለራሴ ስለምጽፍ እውነቱን ልጻፍ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላሰብኩት ጨዋታ ነው።

ዮአብ ግን አበላሸው። ጨፍን ስንለው አይጨፍንም። ጣሳውን ጉንጩ ላይ ይለጥፋል፣ በጥርሱ ይነክሰዋል፣ በእጁ ይመዝነዋል። አሸዋውንና ባዶውን በክብደታቸው ለይቶ አሳየኝ። "ይኼ ማጭበርበር ነው" ብዬ እጁን ይዤ ጥግ አስቀመጥኩት። አለቀሰ። ሲያለቅስ ድምፁ ከሌሎቹ ልጆች ለቅሶ ለየት ይላል፣ ወፍራም ነው፣ ለመስማት አይመችም።

ሰውዬው ሄዶ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ ደብተሯን አወጣ። "ልጅ ትቀጣለች" ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው።

ዓርብ፣ ጁን 2

አጭር ነው፣ ወደ ቤት የሚወስደኝ ማታቱ እንዳያመልጠኝ። የዕቃ መጋዘኑ በር ተዘግቶ ነበር። ከፈትኩት። ዮአብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ወለሉ ላይ ጨርቅ ይለያል። ሰውዬው ከኋላው ቆሟል፣ ብረት ድስትና ማንኪያ ይዞ።

"ምን እየሠራችሁ ነው?"

"እየተጫወትን ነው" አለ። ፊቱ ተለዋወጠ።

ልጁ መግባቴን ልብም አላለ። በር ለምን ይዘጋል? ጨዋታ ከሆነ ለምን ከአሥራ አራት ልጅ አንዱን ብቻ?

ረቡዕ፣ ጁን 7

ዛሬ ወላጆች ክፍል ገብተው ያዩበት ቀን ነበር። ያው ቆሻሻውን የዘረጋበት ጥግ ተከበበ። ከላቪንግተን ሰፈር የምትመጣው ሴትዮ ጫማዋን አውልቃ በሰጋቱራው ላይ ተራመደች። የድርጅት ሠራተኛ የሆነው አባት በላስቲኩ ከልጁ ጋር ተጫወተ። እትዬ ትበርህ በሩ ላይ ቆመው "ሁሉም ከጋሽ አገኘሁ ሐሳብ የመጣ ነው" ይላሉ። ለአንዷ፣ ለሌላዋ፣ ለሁሉም። አንዴ እንኳ "ማንጠግቦሽም አለች" አላሉም። ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል በእጄ ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። እነዚህን ልጆች ሽንት ቤት መሄድ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

የዮአብ እናት ሐሊና ዘግይታ መጣች። የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ባሏ አየር መንገድ ስለሆነ ቤት የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ናይሮቢ ነው ያደገችው፣ አማርኛዋ ግማሽ እንግሊዝኛ ነው። "ቲቸር ማንጤ፣ ዮአብ አሁንም ብዙ አይቶክም፣ ኢዝ ኢት ኖርማል?" አለችኝ። ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው አልኳት። ባለፈው ዓመትም ያልኳት ይኼንኑ ነው። ሰውዬው ከወዲያ ማዶ ሆኖ ያየን ነበር። ሊመጣ አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ከዚያ እትዬ ትበርህን አይቶ ቆመ።

ምን ደብቀውኛል? ሁለቱም የሚያውቁት፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ልጁን መጋዘን አስገብቶታል፤ ቆጥሬያለሁ። ሃምሳ አምስት ዓመት የሆነው ወንድ፣ ሕፃናት ክፍል ውስጥ፣ በር ዘግቶ

አልጨርሰውም። እንደዚያ አላሰብኩም። ግን ሌላ ሰው ቢያየው ምን ይላል?

ማክሰኞ፣ ጁን 13

ሐሊና ልጇን ልትወስድ ስትመጣ በር ላይ ተገናኘን። "ዮአብ ጋሼን ወድዶታል፣ ቤት ሲመጣ በድስት ይጫወታል" ብላ ሳቀች። ሌሎች ሁለት እናቶችም አጠገባችን ነበሩ።

"አዎ፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚወስደው" አልኳት።

"ወዴት?"

"መጋዘን። በሩን ይዘጋል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አልነገረኝም።"

ሳቋ ቆመ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ዮአብን ብድግ አድርጋ አቀፈችውና ወደ መኪናዋ ሄደች፤ ቦርሳውን ረስታ ነበር፣ ሮጬ ሰጠኋት። አላመሰገነችኝም።

ያየሁትን ነው የተናገርኩት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ረቡዕ፣ ጁን 14

ዮአብ ቀረ። ሐሊና ጠዋት በአንድ ሰዓት እትዬ ትበርህን ቤታቸው ደውላ ቀሰቀሰቻቸው። አራት ሰዓት ላይ ሰውዬው ቢሮ ተጠራ። አሥር ደቂቃም አልቆየ። ሲወጣ ኮቱን ብቻ ነበር የያዘው። ልጆቹ "ጋሼ፣ ጋሼ" እያሉ ወደ እሱ ሲሮጡ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ፣ ሰው ሲፈተሽ እንደሚያደርገው፣ እንዲያው እንዳይነኩት። በግቢው ጥግ ጥግ አልፎ ወጣ።

እትዬ ትበርህ ጠሩኝ። "ማንጤ፣ ለሐሊና ማን ምን እንደነገራት ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም" አልኳቸው።

አመኑኝ መሰለኝ። ወይም ማመን ፈለጉ።

ሰኞ፣ ጁን 19

ክፍሉ ወደ ቀድሞው ሥርዓቱ ተመልሷል። ጣሳውንም ክዳኑንም ማዳበሪያው ውስጥ ከትቼ መጋዘን አስገባሁ። ወለሉ ንጹሕ ነው። ልጆቹ በፕላስቲኮቹ ይጫወታሉ፣ ከዚያ ይሰለቻሉ፣ ከዚያ ይጣላሉ። ዛሬ ሁለት ልጆች ተናከሱ።

በር ላይ ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። "መጋዘን ውስጥ አሉ።" "በስንት ልጅ ላይ?" "ፖሊስ አልጠሩም?" እኔ ይኼን አላልኩም። እኔ ያልኩት ሌላ ነው፣ እነሱ የሚሉት ሌላ። ሰው ሲያጋንን ጥፋቱ የእኔ ነው?

ብርዱ ጀምሯል። ሹራብ ለብሼም ይበርደኛል።

ሐሙስ፣ ጁን 22

የጋሽ አገኘሁ ጋዎን መጋዘኑ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ላጥበው ብዬ ሳወርደው ደብተሯ ከኪሱ ወደቀች።

አነበብኳት። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ። ጥቂቱን ልገልብጠው፣ ያለዚያ ነገ ሌላ ነገር ነበር ብዬ ራሴን እሸነግላለሁ።

"ሜይ 23። ማንጠግቦሽ ከኋላው ጮክ ብላ ጠራችው፣ አልዞረም። ፊት ለፊቱ ስትሆን ይገባዋል። ከንፈር እያየ ነው። ቃላቱን አጥርታ ስለምታወጣ ነው ይህን ያህል የተማረው፤ ጎበዝ መምህር ናት።"

"ሜይ 29። ዓይኑን መጨፈን ይፈራል። ለእሱ መጨፈን ከሰው መለየት ነው።"

"ጁን 2። የልጆቹ ጫጫታ እንዳይገባ በር ተዘጋ። ድስት ከኋላው በሦስት እርምጃ፣ አልዞረም። በአንድ እርምጃ፣ አልዞረም። ወለሉን በእግሬ ስመታ ዞረ።"

"ጁን 12። ሰባተኛ ሙከራ። በግራ ጥቂት ሳይሰማ አይቀርም። በቀኝ ምንም። ከእንግዲህ አልጠራጠርም። ለእናቱ ወይዘሮ ትበርህ ይንገሯት። ከዚያ በፊት ግን ለማንጠግቦሽ ነገ ማታ እነግራታለሁ፤ ክፍሉ የእሷ ነው።"

ነገ ማታ። ጁን 13። እኔ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ከዚያም ማንንም ሳልጠብቅ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ልጁ አይሰማም። አንድ ዓመት ተኩል እጄ ውስጥ ነበር። አይሰማም።

ሰኞ፣ ጁን 26

አልተናገርኩም። ዓርብ እትዬ ትበርህ እንግዳ ነበረባቸው። ቅዳሜና እሁድ ሰው አይረበሽም። ዛሬ ደግሞ ራሳቸውን አሟቸዋል። ደብተሯ ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

ሐሊና ልጇን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ልታዛውር ነው አሉ። እዚያም ይጠሩታል፣ አይዞርም። ሰው ይንቃል ይላሉ።

ረቡዕ፣ ጁን 28

ደብተሯን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ለሐሊና የነገርኳት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

እትዬ ትበርህ ደብተሯን አልከፈቷትም፤ ውስጧ ያለውን ያውቁታል።

"በሩን ይዝጉ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ለማንም አይናገሩ ያልኩትም እኔ ነኝ። ወላጅ አስደንግጠን በኋላ ስህተት ቢሆንስ ብዬ።"

"ታዲያ ሐሊና ስትደውል ለምን አልነገሯትም?"

"ልነግራት ነበር። እሷ የምትጮኸው ስለሌላ ነገር ነው። እኔ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ስም አሰብኩ። ጋሽ አገኘሁን ለጥቂት ቀን ቤትዎ ይቆዩ አልኳቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 'ለልጁ ማን ይነግርለታል?' አሉኝ። እኔ እነግራለሁ አልኩ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።"

የእሳቸው ጥፋት የእኔን ያቃልልልኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላቀለለልኝም።

"ሐሊና ዘንድ አብረን እንሂድ" አሉ።

"እኔ ልሂድ። የነገርኳት እኔ ነኝ።"

ቅዳሜ፣ ጁላይ 1

ሐሊና ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ። በሩን የከፈተችው ሰንሰለቱን ሳታወልቅ ነው። ሁለት ጣሳ ይዤ ነበር። ዮአብ ከኋላዋ ምንጣፍ ላይ ካልሲ ይደረድራል።

በቆምኩበት ነገርኳት። መጀመሪያ ስለ ጆሮው፣ ከዚያ ስለ ራሴ። ያየሁት አንድ ሰው በድስት ሲጫወት ብቻ እንደነበር፣ የቀረውን እሷ እንድትጨርሰው ብዬ ክፍት እንደተውኩት።

ሰንሰለቱን አወለቀች። ጣሳዎቹን ከእጄ ወሰደችና ከልጇ ጀርባ ሆና አጋጨቻቸው። ካልሲውን ይደረድራል። "ዮአብ" አለች። "ዮአብዬ። ማሚ ነኝ።" ድምፅዋ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ። ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየን። ልጁ አንዱን ካልሲ ከሌላው ጋር አገናኝቶ በደስታ አጨበጨበ።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ፕሊስ፣ ሂጂ" አለችኝ። "አሁን አንቺን ማየት አልችልም።"

ማክሰኞ፣ ጁላይ 11

ሆስፒታል ተመርምሯል። እትዬ ትበርህ ነገሩኝ። ቀኝ ጆሮው ምንም፣ ግራው በመሣሪያ ይሰማል። ሐኪሙ የሦስት ሳምንት መዘግየት ለውጥ አያመጣም ብሏል። ይኼን እየደጋገምኩ ለራሴ ስነግር ዋልኩ። ማታ ላይ ቆጠርኩት፤ የእኔ ሦስት ሳምንት ብቻ አይደለም፣ አንድ ዓመት ተኩል ነው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 15

ኢምባካሲ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ግቢ አላለችኝም፤ አባቷን ጠርታ ክንዷን አጣጥፋ አጠገባቸው ቆመች።

ጋሽ አገኘሁ ከስተዋል። ደብተራቸውን ሰጠኋቸው። በድያችኋለሁ፣ እርስዎንም ልጁንም፣ አልኳቸው። አላቋረጡኝም።

"ደሴ እያለሁ አንድ ተማሪ ነበረኝ" አሉ። "ስጠራው የማይዞር። ሁለት ዓመት ገረፍኩት። ኋላ አያቱ መጥታ ጆሮው አይሰማም፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ አለችኝ። ለካ ነግራኝ ኖሯል፤ እኔ ነበርኩ ያልሰማኋት። ከዚያ ወዲህ ነው ጣሳ የምሰበስበው።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ አገኘሁ።"

"ስለ ጆሮው ከሆነ እኔ ካንቺ የባሰ አድርጌያለሁ፣ በዚያ አልፈርድብሽም። ስለሌላው ግን" አሉና ወደ ልጃቸው አዩ። "እሷ መሥሪያ ቤት ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ሰምተዋል። ለእናትየዋ ነግረሻታል። ለሌሎቹስ ማን ይነግራቸዋል?"

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። በሩ ሲዘጋ ልጃቸው በትንሽ ድምፅ ስታለቅስ ሰማሁ፣ እሳቸው ደግሞ ዝም ሲያሰኟት።

ዓርብ፣ ኦገስት 4

የተርም መዝጊያ። ወላጆች ሁሉ መጡ፤ ሐሊና ኋላ ቆማለች። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር "ያየሁትን ነበር የተናገርኩት፣ ሰው ግን በተሳሳተ መንገድ ተረዳው" የሚል ነበር። ወረቀቱን ይዤ ተነሣሁ። ጀመርኩት፤ "ያየሁትን" ካልኩ በኋላ መቀጠል አቃተኝ።

"ያላየሁትን እንዳየሁ አስመስዬ ተናገርኩ" አልኩ። "ጋሽ አገኘሁ የልጁን ጆሮ ነበር የሚፈትሹት። እኔ ስለቀናሁባቸው ነው።"

ቀናሁ የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። እትዬ ትበርህ ቀጥለው ተነሡና የራሳቸውን ተናገሩ። ሐሊና አልቀረበችኝም፤ ስትወጣ ግን አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ።

ሊያባርሩኝ እንደሚችሉ ለእትዬ ትበርህ ነገርኳቸው። "ጋሽ አገኘሁን ጠይቄ እነግርሻለሁ" አሉኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 4

ጋሽ አገኘሁ ተመልሰዋል። ክፍሉን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ረዳታቸው ነኝ። ትቆይ ያሉት ራሳቸው ናቸው አሉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አዲስ ማዳበሪያ ይዘው መጡ፤ ቡሽ፣ ሻካራ ገመድ፣ የቆዳ ቁርጥራጭ። ልጆቹ እንደ ንብ ሰፈሩበት። ዮአብ መጥቷል፣ በግራ ጆሮው መሣሪያ አድርጎ። ትልቅ ልጅ መስሏል።

ረፋድ ላይ ግቢ ውስጥ ሲሮጥ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። እያለቀሰ ተነሣና እኔን አልፎ ቀጥታ ወደ ጋሽ አገኘሁ ሮጠ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ። እግራቸው ሥር ቆሞ እጁን እንደዘረጋ ወደ ላይ አያቸው።

ጎንበስ ሊሉ ጀመሩ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ውጭው በር አዩ፣ አንዲት እናት እዚያ ቆማ ነበር።

"ማንጠግቦሽ" አሉኝ በቀስታ። "ነይ፣ አንቺ አንሺው።"

ሄጄ አነሣሁት። ጋሽ አገኘሁ እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ነበር።